በቴሌግራም ልኮ ፎቶ ማሳጠብ፦ የጎጃም ፎቶ ቤቶች አዲሱ አገልግሎት ሲመዘን

ደብረ ማርቆስ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ሞጣ ወይም ባሕር ዳር ላይ ፎቶ ለማሳጠብ ፍላሽ በኪስ ይዞ ፎቶ ቤት መግባት፣ ኮምፒውተሩ ላይ የተቀመጠውን ልጅ ተራ መጠበቅ፣ ከዚያም "ከሰዓት ተመለስ" ተብሎ መሄድ የተለመደ ነበር። አሁን በሩ ላይ የቴሌግራም ቁጥር የለጠፈ ፎቶ ቤት በዝቷል። ፎቶው በስልክ ይላካል፤ ሒሳቡ በቴሌብር ወይም በባንክ ይገባል፤ ታጥቦ ሲያልቅ "ደርሷል" የሚል መልእክት ይመጣል፤ የፎቶው ባለቤት ለገበያ ወይም ለጉዳይ ከተማ ሲወጣ ፖስታውን ተቀብሎ ይመለሳል። ለአማኑኤል፣ ለሉማሜ ወይም ለየጁቤ ሰው ሁለት የመኪና ጉዞ ወደ አንድ ወረደለት ማለት ነው።

ፍርዱን አስቀድሞ ለመናገር፦ ለአልበም መጠን፣ ማለትም ለ10 በ15 እና ለ13 በ18 ሳንቲ ሜትር፣ በቴሌግራም ማዘዝ በአካል ከመሄድ ቢበልጥ እንጂ አያንስም። ለትልቅ የግድግዳ ፎቶ ግን አንድ ጊዜ ቆሞ ማሳየት ይሻላል። ጉርድ ፎቶማ በዚህ መንገድ ባይሞከር ይመረጣል። ፎቶ ተበላሽቶ ሲወጣ ጥፋቱ ማሽኑ ላይ ይላከካል፤ ሲመረመር ግን አብዛኛውን ጊዜ ገና ከስልኩ ሲወጣ የተበላሸ ነው።

ቴሌግራም ፎቶን በተራው መንገድ ሲልክ ይጨምቀዋል። ረጅሙ ጎን ወደ 1280 ፒክስል ይወርዳል፤ 4 ሜጋባይት የነበረው ፋይል ጥቂት መቶ ኪሎባይት ይሆናል። በስልክ ላይ ልዩነቱ አይታይም። ወረቀት ላይ ግን ይህ መጠን በ10 በ15 ሲታተም በአንድ ኢንች ወደ 213 ነጥብ ብቻ ይሰጣል። አንድ ሰው ከቅርብ የተነሳው ፎቶ በዚህ ያልፋል፤ ሠላሳ ሰው የተሰለፈበት የሠርግ ፎቶ ላይ ግን የኋለኛው መደዳ ፊት ይሟሟል። በ20 በ30 ሲታተም ወደ 108 ነጥብ ይወርድና ዓይንና ቅንድብ ተቀላቅሎ ይወጣል።

መፍትሔው ፎቶውን እንደ ፋይል መላክ ነው። አንድሮይድ ላይ ከመጻፊያው አጠገብ ያለችውን የክሊፕ ምልክት ተጭኖ መጀመሪያ "ፋይል"፣ ቀጥሎ "ጋለሪ" የሚለውን መምረጥ ነው፤ አይፎን ላይም "ፋይል" ውስጥ ከጋለሪ የሚመረጥበት ቦታ አለ። በትክክል የተላከ ፎቶ ቻቱ ውስጥ ሰፍቶ አይታይም፤ ከትንሽ ምስል ጎን ስሙና ክብደቱ በሜጋባይት ተጽፎ ይቀመጣል። ሰፍቶ ከታየ ተጨምቋል፤ እንደገና ይላክ። ዋትስአፕም በተራው መንገድ ሲልክ ይጨምቃል። ከፌስቡክ የወረደ፣ ስክሪንሹት የተደረገ ወይም ዘመድ በቴሌግራም የላከው ፎቶ ደግሞ በፋይል ቢላክም የጠፋው አይመለስም። ሠርጉን ያነሳው ሰው ዘንድ ዋናው ፋይል ካለ እሱን መጠየቅ ነው።

ቴሌግራም በአንድ ጥቅል ከ10 ፋይል በላይ ስለማያቀናጅ 60 ፎቶ በስድስት ዙር ይሄዳል። እያንዳንዱ 4 ሜጋባይት ቢሆን ድምሩ 240 ሜጋባይት ነው፤ ዳታ በጥቅል ለሚገዛ ሰው አስቀድሞ የሚሰላ ነገር ነው። ኔትወርክ ሲደክም መተግበሪያውን መዝጋት አይገባም፤ የሰዓት ምልክቷ ወደ አንድ ጭረት እስክትለወጥ ድረስ ፋይሉ ገና ከስልኩ አልወጣም። "ልኬያለሁ"፣ "አልደረሰኝም" የሚለው ንትርክ ብዙውን ጊዜ ከዚህ ይነሳል።

አይፎን ያለው ሰው አንድ ተጨማሪ ጣጣ አለበት። እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ ስልኩ ፎቶን የሚያስቀምጠው ኤችኢአይሲ በሚባል ዓይነት ነው፤ የቆየ ዊንዶውስ የሚጠቀም ፎቶ ቤት ላይከፍተው ይችላል። በሴቲንግ ውስጥ ካሜራ፣ ከዚያ ፎርማት ገብቶ "ሞስት ኮምፓቲብል" የሚለውን መምረጥ ከዚያ በኋላ የሚነሱትን ጄፔግ ያደርጋቸዋል። ቀድሞ የተነሱት ግን እንደነበሩ ናቸው፤ ፎቶ ቤቱ መክፈት መቻሉን አንድ ልኮ ማረጋገጥ ነው።

ቀጥሎ ብዙ ሰው የሚያስቆጨው የመቆረጥ ነገር ነው። 10 በ15 ወረቀት ቅርጹ ሦስት ለሁለት ነው። ስልክ የሚያነሳው ግን አብዛኛውን ጊዜ አራት ለሦስት ነው፤ ሁለቱ አይገጥሙም። ወረቀቱ ሙሉ በሙሉ እንዲሞላ ከተደረገ ከአጭሩ ጎን ዘጠነኛው እጅ፣ ማለትም 11 በመቶ ያህሉ፣ ይቆረጣል። ስልኩ በአግድም ተይዞ የተነሳ የቤተ ዘመድ ፎቶ ላይ የሚሄደው ከላይና ከታች ነው፤ ከኋላ የቆሙት ረጃጅሞቹ ራሳቸው ይነካል፣ ከፊት የተቀመጡት እግራቸው ይቀራል። ስልኩ ወደ 16 ለ9 ተስተካክሎ በቁም የተነሳ ፎቶ ደግሞ ከርዝመቱ ወደ 16 በመቶ ያጣል፤ ያኔ የሚጠፋው የሹሩባው አናት ወይም የቀሚሱ የታች ጥለት ነው። ለሐበሻ ቀሚስ ፎቶ ጥለቱ ከተቆረጠ ምን ቀረ?

ማዘዣው ላይ ከሁለት አንዱን መጻፍ ይገባል፦ "ይሙላ" ወይም "ነጭ ጠርዝ ይተውለት"። ዝም ከተባለ ብዙ ፎቶ ቤት ይሞላዋል፤ ለሚያትመው ልጅ ፈጣኑ እሱ ነውና። 15 በ20 የሚያትም ፎቶ ቤት ከተገኘ ደግሞ ቅርጹ አራት ለሦስት ስለሆነ የስልክ ፎቶ ሳይነካ ይገባበታል። 13 በ18ም ወደ 4 በመቶ ብቻ ነው የሚቆርጠው።

ስንት ፒክስል ይበቃል ለሚለው፣ በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ከተያዘ 10 በ15 1200 በ1800 ፒክስል ይፈልጋል፤ 13 በ18 1500 በ2100፤ 20 በ30 2400 በ3600። ከርቀት የሚታይ የግድግዳ ፎቶ በ200 ነጥብም አያሳፍርም፤ ስለዚህ 30 በ40 2400 በ3200 ይበቃዋል። የዛሬ ስልክ 12 ሜጋፒክስል ካነሳ፣ ያውም ዙም ሳይደረግ በቀን ብርሃን ከሆነ፣ ይህን ሁሉ ይሸከማል። በጣት ሰፍቶ፣ ዙም ተደርጎ የተነሳው ግን ቁጥሩ ትልቅ ቢሆንም ውስጡ ባዶ ነው።

አሁን ወደ ነጩ ልብስ። ጎጃም ውስጥ የሚታጠበው ፎቶ ብዙው ጋቢ፣ ነጠላና ቀሚስ ነው፤ የፎቶ ቤት ፕሮግራም ደግሞ ነጭ ልብስና ጠይም ፊት አንድ ላይ ሲመጡበት ይደናገራል። "ኦቶ" የሚባለው ማስተካከያ የፎቶውን ጠቅላላ ብርሃን አማካይ ለማድረግ ነው የሚሠራው። በጥምቀት ሜዳ ላይ ሃያ ሰው ነጭ ለብሶ ሲቆም ብርሃን የበዛ ይመስለውና ያጨልመዋል፤ ጋቢው አመድ ይመስላል፣ ፊቱም አብሮ ይጠቁራል። በማታ፣ ከጥቁር ጀርባ ፊት በተነሳ ፎቶ ላይ ደግሞ ተቃራኒውን ያደርጋል፤ ጨለማውን ለማብራት ሲል ቀሚሱን ያነጣውና ሽመናው ሳይታይ ባዶ ወረቀት ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ "ኦቶ አይነካ፤ ፊቱ እየታየ በእጅ ይስተካከል" ብሎ መጻፍ ተገቢ ነው። ይህን ሲያነብ "እሺ እታለም" ብሎ የሚያልፍ፣ ግን የማያደርገው አለ፤ ለዚህ መድኃኒቱ መጀመሪያ ሁለት ፎቶ ብቻ አሳጥቦ ማየት ነው፣ አንድ ነጭ ልብስ የበዛበትና አንድ የማታ። ሌላው ልማድ ፊት ማንጣትና ማለስለስ ነው። ሳይጠየቁ የሚያደርጉት አሉ፤ እናት ልጇን መለየት እስኪያቅታት ድረስ። "ፊት አይነጣ" የምትለዋ አጭር ቃል ማዘዣው ላይ መግባት አለባት።

ፎቶው ስልኩ ላይ ከታየው ይልቅ ጠቁሮ የሚታተምበት ሌላ ምክንያት ስልኩ ራሱ ነው። መስታወቱ ብርሃን ያመነጫል፤ ወረቀት አያመነጭም። ከመላክ በፊት የስልኩን ብርሃን ወደ ግማሽ ዝቅ አድርጎ ማየት ወረቀቱ ላይ ለሚመጣው የቀረበ ግምት ይሰጣል።

ፎቶ ቤቱ በምን እንደሚያትም መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ዋጋውና ዕድሜው የሚለያየው በዚሁ ነው። የመጀመሪያው በኬሚካል የሚያጥበው ላብራቶሪ ነው፤ ብርሃን የነካውን ወረቀት አልምቶ ያወጣል፤ የወረቀቱ ጀርባ ላይ ብዙውን ጊዜ የፉጂ ወይም የኮዳክ ስም ደብዘዝ ብሎ ይታያል። "ማጠብ" የሚለው ቃልም የመጣው ከዚህ ነው፤ ዛሬ ምንም ነገር ውኃ ሳይነካው የሚወጣውን ሁሉ "ታጠበ" እንላለን። ሁለተኛው የሪባን ማሽን ነው፤ ቢጫ፣ ማጀንታና ሰማያዊ ቀለም በሙቀት ተራ በተራ አትሞ በላዩ ስስ መከላከያ ያለብሰዋል። ሲወጣ ደረቅ ነው፣ ውኃ አይፈራም። እንደ ዲኤንፒ አርኤክስ1 ያለው በአንድ ሪባን 700 ፍሬ 10 በ15 ያወጣል። ሦስተኛው በፈሳሽ ቀለም የሚሠራው ነው፤ ኤፕሰን ኤል 805 እና ትልቅ ወረቀት የሚያትመው ኤል 1800 ሁለቱም ባለ ስድስት ቀለም ናቸው። በዋናው ቀለምና በጥሩ ወረቀት ከተሠራ ውበቱ ከማንም አያንስም፤ ነገር ግን ትኩስ ሳለ ጣት ያትምበታል፣ ውኃ ሲነካው ይፈሳል፣ ፀሐይ በሚገባበት ግድግዳ ላይ ቀለሙ ቶሎ ይሸሻል። በርካሽ ቀለም የተሞላ ከሆነ ደግሞ ይብሳል።

የፈሳሽ ቀለም ማተሚያ ሌላው ጠባዩ ሥራ ሲፈታ ቀለም የሚረጭበት አፍንጫው መድረቁ ነው። በሁዳዴ ሠርግ የለም፤ ትልቅ ወረቀት የሚያትመው ማሽን ቀናት ቆሞ ይሰነብታል። ከፋሲካ በኋላ የሚወጡት የመጀመሪያዎቹ ትልልቅ ፎቶዎች ላይ ስስ አግድም መስመር ካለ ምክንያቱ ይኸው ነው። ልጁ የማጽጃ ዙር ማስኬድና የሙከራ ወረቀት ማውጣት ነበረበት። መስመር ያለበትን ፎቶ "ከርቀት አይታይም" ተብሎ መቀበል አይገባም፤ እንደገና ይታተም።

ለቅሶ ላይ ወይም ለሙት ዓመት የሚሰፋው ፎቶ ለብቻው ሊወራ ይገባዋል፤ በችኮላ የሚታዘዘውም የሚበላሸውም እሱ ነው። ብዙ ጊዜ ያለው አንድ አሮጌ ጉርድ ፎቶ ነው፣ ወይ ከመታወቂያ ላይ የተለጠፈ። ይህን በስልክ አንስቶ በቴሌግራም መላክ ትልቁ ስሕተት ነው፤ ጥላው፣ ዘንበል ማለቱና የላሜኔቱ ነጸብራቅ አብረው ይሰፋሉ። ራሱን ወረቀቱን ወደ ፎቶ ቤት መውሰድና በስካነር በ1200 ነጥብ እንዲነበብ ማድረግ ነው። 3 በ4 ሳንቲ ሜትር ጉርድ በ300 ነጥብ ቢነበብ የሚገኘው 354 በ472 ፒክስል ብቻ ነው፤ በ1200 ግን 1417 በ1890 ይሆናል። ይህ በ30 በ40 ሲታተም በኢንች 120 ነጥብ ይሰጣል። ድንኳን ውስጥ ከርቀት ለሚታይ ፎቶ ይበቃል። ደግነቱ 3 በ4 እና 30 በ40 ቅርጻቸው አንድ ስለሆነ ምንም አይቆረጥም፤ 20 በ30 ከተባለ ግን ከትከሻው ይነካል። ወረቀቱ ላይ የማር እንጀራ የመሰለ ሸካራ ገጽ ካለው ስካነሩ ነጠብጣቡን አጉልቶ ያመጣዋል፤ ያኔ ከጎን በሚመጣ ለስላሳ የመስኮት ብርሃን በካሜራ ማንሳት ይሻላል። ፊትን "የሚያጠራ" መተግበሪያ ነገር ግን ይታሰብበት። ያጠራል፤ የሚያወጣው ግን የሌላ ሰው ዓይን ነው፣ ልጆቹም ወዲያው ያውቁታል።

ጉርድ ፎቶን በዚህ መንገድ ባይሞከር ይመረጣል ያልነው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ክንድ ዘርግቶ የተነሳ ፎቶ አፍንጫን ያገዝፋል፣ ጆሮን ይሸሽጋል፤ ቢያንስ ከአንድ ሜትር ተኩል ርቀት ሌላ ሰው ማንሳት አለበት፤ ተነሺውም ጥላው እንዳይወድቅ ከግድግዳው አንድ እርምጃ ራቅ ብሎ ይቁም። ሁለተኛ፣ ማተሚያው "ፊት ቱ ፔጅ" (ምስሉን በወረቀቱ ልክ የሚያሳንስ ወይም የሚያሰፋ ትእዛዝ) ላይ ከተተወ 3 በ4 የተባለው 2.8 በ3.7 ሆኖ ሊወጣ ይችላል፤ በማስመሪያ ሳይለካ አይታወቅም። ለአሜሪካ ቪዛ 5 በ5 ሲሆን ከአገጭ እስከ አናት ያለው ከ25 እስከ 35 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት፣ መነጽርም አይፈቀድም፤ ለሸንገን 35 በ45 ሚሊ ሜትር ነው። በ10 በ15 ወረቀት ላይ 5 በ5 ስድስት፣ 35 በ45 ስምንት ፍሬ ይወጣል። ስለዚህ "ለአንድ ወረቀት ስንት?" ብሎ መጠየቅ በፍሬ ከመጠየቅ ይረክሳል።

ማዘዣውን በድምፅ መላክ ሳይሆን በጽሑፍ ነው፤ ድምፁን የሰማው ጠዋት የነበረው ልጅ፣ የሚያትመው ከሰዓት የመጣው ሊሆን ይችላል። "7ኛው ፎቶ" ማለትም አያስተማምንም። ኮምፒውተሩ ላይ ሲወርዱ ፋይሎቹ የሚደረደሩት በስማቸው እንጂ በተላኩበት ተራ ላይሆን ይችላል። የስሙን የመጨረሻ አራት አኃዝ መጥራት ነው። ለምሳሌ፦

"ሰላም ወንድሜ። 24 ፎቶ በፋይል ልኬያለሁ። ሁሉም 10 በ15፣ አንጸባራቂ ወረቀት። 0417 ስድስት ፍሬ፣ 0422 ሁለት ፍሬ፣ የቀሩት አንድ አንድ፤ ድምሩ 30 ፍሬ። 0409 እና 0431 ነጭ ጠርዝ ይተውላቸው፣ ሌላው ይሙላ። ኦቶ አይነካ፣ ፊት አይነጣ። ቅዳሜ ረፋድ እኅቴ ትወስዳለች። ሒሳቡን ንገረኝ።"

ሒሳቡ ከመከፈሉ በፊት በጽሑፍ ይምጣ። ወረቀቱም ቀለሙም ከውጭ የሚገባ ነው፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ያለፈው ወር ዋጋ ለዚህ ወር አይሠራም። ለትንሽ ትእዛዝ ሙሉውን መክፈል ያስኬዳል፤ ለትልቅ ፎቶና ለፍሬም ግን ግማሹን ቀብድ፣ ቀሪውን ሲረከቡ ማድረግ ይሻላል። ቴሌብር ሲከፈል ከ127 የሚመጣውን መልእክት አለማጥፋት ነው፤ የግብይት ቁጥሩ እዚያ ላይ አለ። ፎቶ ቤቱ ስክሪንሹት አይቶ ሳይሆን የራሱን ሒሳብ አይቶ "ገብቷል" ካለ ቅር አይባል፤ በሐሰተኛ ስክሪንሹት የተነደፈ ነጋዴ ጥቂት አይደለም።

"ነገ ይደርሳል" የሚለው ቃል በጥር፣ ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሳምንታትና በተማሪ ምረቃ ሰሞን ዋጋ የለውም፤ ያን ጊዜ ሦስት አራት ቀን ቀድሞ መላክ ነው። መብራት ሲጠፋም ሥራው ይቆማል፤ የሪባን ማሽን መሐል ላይ ከጠፋበት ወረቀቱም ሪባኑም ይባክናል፣ ስለዚህ ጄኔሬተር የሌለው ፎቶ ቤት መብራት ሲያንገራግር ባያትም እውነት አለው። ኢንተርኔቱም እንዲሁ ነው። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ለወራት የተመለስነው ወደ ፍላሽና ሚሞሪ ነበር። ፍላሽ የግድ ከሆነ ፎቶው ብቻ ያለበት ባዶ ፍላሽ ይሁን፤ ከፎቶ ቤት ኮምፒውተር ተመልሶ ፎልደሩ ሁሉ ሾርትከት የሆነበት ሰው ያውቀዋል። በቴሌግራም መላክ ከዚህ ቫይረስ ማዳኑ ራሱ ትልቅ ጥቅሙ ነው።

ሲረከቡ ፖስታውን እዚያው መክፈት ነው። ፍሬው ይቆጠር፤ ከሱቁ አምፖል ሥር ሳይሆን በር ላይ ወጥቶ በቀን ብርሃን ይታይ፤ አራቱም ጠርዝ ቀጥ ብሎ መቆረጡ ይታይ። በፈሳሽ ቀለም የታተመ ከሆነ ፊትና ፊት ተደርቦ አይታሰር፤ መስታወት ያለው ፍሬም ውስጥም ቢያንስ አንድ ቀን ሳይደርቅ አይግባ፣ ከመስታወቱ ጋር ይጣበቅና ሲላቀቅ ቀለሙን ይዞ ይሄዳል። የሚወስደው ሌላ ሰው ከሆነ ይህን ሁሉ እንዲያይ ይነገረው፤ ቤት ከደረሱ በኋላ "ፎቶው ጠቁሯል" ብሎ መደወል ክርክር ነው የሚሆነው።

አንድ ነገር ብቻ ፎቶ ቤቶቹ ራሳቸው አያነሱትም። የተላከው ፎቶ ኮምፒውተራቸው ላይ ይቀራል። ቴሌግራም ላይ ቻቱን ለሁለቱም ወገን ማጥፋት ይቻላል፤ የወረደው ፋይል ግን አይነካም። ያማረ የሙሽራ ወይም የሕፃን ፎቶ ደግሞ ከወራት በኋላ የሱቁ መስኮት ላይ ወይም ገጹ ላይ ለማስታወቂያ ተለጥፎ ሊገኝ ይችላል። "ለማስታወቂያ አይዋል፣ ስረከብ ይጥፋልኝ" ብሎ ማዘዣው ላይ መጻፍና ፖስታውን ሲቀበሉ ልጁ ፎልደሩን፣ ቀጥሎም ሪሳይክል ቢኑን ባዶ ሲያደርግ ቆሞ ማየት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።